ድምፅ የሚገዛበት ደሴት

የተከበራችሁ የጂኦግራፊ መምህራን፣

አዘጋጆቹ ስለ ዋልታ ደሴቶችና ስለ ምርምር ጣቢያዎቻቸው አጠቃላይ ገለጻ እንዳደርግ ጠይቀውኛል። አጠቃላዩን ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ። እኔ ዛሬ ከአንድ ደሴት አልወጣም፤ ከኪንግ ጆርጅ።

ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወደ ደቡብ ውረዱና የድሬክን የባሕር መተላለፊያ ተሻገሩ። 62 ዲግሪ ደቡብ ላይ የሳውዝ ሼትላንድ ደሴቶች አሉ። ትልቁ ይሄ ነው። ርዝመቱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በረዶ ነው። በቀረችው ቁራጭ መሬት ላይ ጣቢያዎቹ እንደ መርካቶ ሱቅ ተጠጋግተዋል። ሩሲያ፣ ቺሊ፣ ቻይና፣ ኡራጓይ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አርጀንቲና፣ ፖላንድና ብራዚል ክረምት ከበጋ እዚያው ናቸው። ፔሩ በበጋ ትመጣለች። የሩሲያውና የቺሊው በእግር የሚደረስ ጎረቤታሞች ናቸው።

ያ ሁሉ የአንታርክቲካ አህጉር ባዶ ተቀምጦ ለምን እዚህ? መድረሱ ይቀላል፤ በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቺሊ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ሠርታበታለች። ይህን እናስተምራለን። የማናስተምረው ሌላ አለ። በ1959 የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት፣ በኋላ ለሚገባ አገር የውሳኔ ድምፅ የሚሰጠው ጉልህ ሳይንሳዊ ምርምር ሲያካሂድ ነው። ለዚህም ጣቢያ ማቋቋምን በምሳሌነት ይጠቅሳል።

እስቲ ዓመቶቹን አስተያዩ። ፖላንድ ጣቢያዋን በ1977 ከፈተች፤ ድምፅ ያገኘችው በዚያው ዓመት። ኡራጓይ በ1984፣ ቻይና በ1985 መጀመሪያ ከፈቱ፤ ሁለቱም በ1985 ድምፅ አገኙ። ኮሪያ በ1988 ከፈተች፣ በ1989 አገኘች። ፔሩ ሁለቱንም በ1989 ጨረሰች። ይሄ አጋጣሚ ነው የሚለኝ ካለ እጁን ያውጣ!

ቺሊ ደግሞ የባሰባት ናት። ድምፅ ከመጀመሪያው አላት፤ እሷ የምትፈልገው መሬቱን ነው። ከ1940 ጀምሮ የኔ ነው ትላለች። ስምምነቱ የመሬት ጥያቄዎችን ሁሉ ባሉበት አግዷቸዋል። እሷ ግን በ1984 ቪላ ላስ ኤስትሬላስ የሚባል መንደር መሠረተች። የወታደር ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ገቡ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ፖስታ ቤት፣ ባንክ። ትልቅ ሆስፒታል ያለው ከባሕር ማዶ ስለሆነ ነዋሪው ከመሄዱ በፊት ትርፍ አንጀቱን ያስወጣ ነበር። ልጆችም ጭምር! አርጀንቲና ቀድማ በ1978 ነፍሰ ጡር ሴት በአውሮፕላን ወስዳ፣ በዋናው አህጉር ባለው ኤስፔራንሳ ጣቢያ አዋልዳለች። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አራስ ልጅ የሚያካሂደው ምርምር ምንድን ነው?

ሩሲያውያን ከሳይቤሪያ እንጨት የሠሩት ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ በ2004 የተባረከ። በዚያ ብርድ ቅዳሴ መቆም፣ እሱስ ያስቀናል።

ሳይንስ የለም አላልኩም። ፖላንዶች ፔንግዊኖቹን ለአሥርት ዓመታት ቆጥረዋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ችግሩ ግን መሬቷ ነው። ወፉም፣ የድንጋይ ሽበቱም፣ ነዳጅ ታንከሩም የሚፈልጉት ያቺኑ በረዶ የሌለባትን ዳርቻ ነው። በ2012 የብራዚል ጣቢያ ተቃጥሎ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። በ2020 አዲሱ ተመረቀ፤ እዚያው ቦታ። ድንኳን ነቅሎ የጎረቤት ጣቢያ መጋራትን ማንም አላሰበም እንዴ? ጣቢያ ብንጋራ ባንዲራው ይቀንሳል፤ ለካ ችግሩ እሱ ነው።

ስለ አካባቢ ጥበቃው የ1991 የማድሪድ ፕሮቶኮል ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሰዓቴ አልቋል። ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነው። ይህን ደሴት ስታስተምሩ ከየጣቢያው ስም ጎን ሁለት ዓመት አጽፉ፦ የተከፈተበትንና አገሩ ድምፅ ያገኘበትን። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

አመሰግናለሁ።