አንገቱ ሳይወድቅ

እሺ... እንደምን ሰነበታችሁ። አብሽሩ፣ እንደ ልማዴ ስለ ጎመን አላወራም ዛሬ። ሽንኩርት ነው። የሰሜን ወሎዋ የቆቦ ሽንኩርት።

አንዷን ደቂቃ ብቻ እንያት። ደላላው ማሳው ጫፍ ቆሟል። አይሱዙው አስፋልት ዳር ነው፣ ሞተሩ አልጠፋም። «ዛሬ ከነቀላችሁ በዚህ ዋጋ፤ የነገን እንጃ።» ሽንኩርቱ ደግሞ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አንገቱ (ቅጠሉና ራሱ የሚገናኙበት) ቀጥ እንዳለ ነው። ይነቀል?

መልሱማ ይታወቃል። ከመቶ 70 ያህሉ አንገቱ ታጥፎ ቅጠሉ ሲተኛ ነው የሚነቀለው፤ ውሃው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ይቆማል። ያልወደቀ አንገት አልደረቀም፣ አልተዘጋም። ሻጋታው የሚገባው በእሱ ነው። ጆንያ ውስጥ ሲታፈን ከላይ ጤነኛ ይመስላል፤ አንገቱን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ይሰምጣል። ዩሪያ ማዳበሪያ ዘግይቶ የተጨመረበትማ የባሰ ነው፤ አንገቱ ይወፍራል፣ መውደቅ እምቢ ይላል።

ነገሩ እኮ ከችግኝ ይጀምራል። ለ1 ሄክታር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዘር፣ 1 ሜትር ስፋት ባለው የችግኝ መደብ፣ በመስመር። ዘሩ ከታፈገ ችግኙ ይቀጥናል፣ ከሥሩ እየበሰበሰ ይወድቃል። በ45 ቀን ገደማ እርሳስ ሲያክል ይዛወራል፣ በችግኝና ችግኝ መካከል 10 ሴንቲ... ውይ፣ የት ሄድኩ። ደላላው ጋ ነበርን።

ጤፍ ቢሆን ጎተራ አለ፣ ዋጋ እስኪወጣ ይቀመጣል። አትክልት ግን ከተነቀለም በኋላ ይተነፍሳል፣ ውሃውን ይለቃል። የመርሳ ከተማው ብርቱካንም፣ የጓሮው ጎመንም (ይኸው ገባ!) ቀን ይቆጠርባቸዋል። ሆርቲካልቸር የምንለው ነገር፣ የአትክልትና ፍራፍሬ እርሻ፣ ገበሬውን ከመኪናና ከከተማ ድስት ጋር ያስረዋል። በጠባብ መሬት ከእህል የተሻለ ብር ሊያመጣ ይችላል፤ ለተካዩ፣ ለአራሚው፣ ለጫኙ የቀን ሥራ ነው። ደስ ይላል። ደስ ይል ነበር... ያች ደቂቃ ባትኖር።

«ጠብቁ» ማለት ቀላል ነው። ነቅሎ ከ7 እስከ 10 ቀን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ መዘርጋት፣ አንገቱን 2 ሴንቲ አስቀርቶ መቁረጥ። ጥላው የማን ነው? ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሳምንት ተክሎ በአንድ ሳምንት ሲነቅልስ? እና ገበሬው ተሳስቷል ልል ነበር፤ አልልም። ግን ደግሞ ደሴ ላይ ጆንያውን ፈትታ ሽታው የሚቀበላት ሴትዮ አለች፣ እሷስ...

ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን አንገቱ ሲወድቅ ቢነቅልስ? ያኔ ግን ለግማሽ አይሱዙ ማን ይመጣል... እንጃ።