የእረኛው ጅራፍ ስንት ፍሬም ይፈጃል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከመሃል ከተማ ታክሲ እየቀያየራችሁ ኮዬ ፈጬ ድረስ የመጣችሁ ደግሞ እጥፍ ምስጋና ይድረሳችሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ እረኛ ነው። እኔና ጓደኞቼ በምንሠራው የጀብዱ ጌም ውስጥ፣ ዘንዶ የዘረፈበትን ከብቶች ፍለጋ ተራራ ለተራራ የሚዞር ልጅ ነው። ዱላ፣ ጅራፍና ወንጭፍ አለው። ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል፤ ወገቡ ላይ ዋሽንት ሸጉጧል። አሁን ይህን ልጅ ወደ ድብድብ ጌም ልናስገባው ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ አንድ ለአንድ የሚጫወተው ዓይነት።

መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ልጁ አለ፣ ዕቃው አለ፤ ለእያንዳንዱ በተን አንድ ምት መስጠት ብቻ ነው ብለን ጀመርን። ግን አይደለም። በጀብዱ ጌም ጭራቁ የተሠራው እንድታሸንፉት ነው። በድብድብ ጌም ግን የምትገጥሙት አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ነው። እሱም ከፍሎ ነው የገባው። እሱም ማሸነፍ ይፈልጋል።

የወንጭፉን ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሥራችን በተኑን ስትነኩት ድንጋዩ ወዲያው ይወረወር ነበር። ላፕቶፑን ይዘን ሠፈራችን ያለ ፕሌስቴሽን ቤት ሄድንና ሁለት ልጆች አስቀመጥን። አንዱ ጥግ ይዞ ድንጋይ መወርወር ጀመረ። ሌላው ዘለለ፣ ተቀመጠ፣ ተከላከለ፤ መቅረብ ግን አልቻለም። ሦስተኛው ዙር ላይ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተነስቶ ሄደ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። እኔ ግን ማታውን ሙሉ ያ ጆይስቲክ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ ልክ ነበር፤ ስህተቱ የእኛ ነው። ምቱን ሰጠን፣ ዋጋውን ግን ረሳን።

ከዚያ፣ ከእኛ በፊት ይህን መንገድ የሄደውን ሊንክን አየነው። ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው ‹ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ› የተባለው የጀብዱ ጌም ጀግና ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔንቲዶ ኩባንያ በሠራው ኔንቲዶ 64 በተባለው የጌም ማጫወቻ ‹ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ› የተባለው የድብድብ ጌም ሲወጣ ሌሎቹን የኔንቲዶ ጀግኖች እንዲገጥም አስገቡት። ሰይፉን፣ ቡሜራንጉንና ቦምቡን ይዞ ገባ። ግን ልብ በሉ። ቦምቡን በእጁ ብዙ ካቆየው ራሱ ላይ ይፈነዳል። ሰውን የሚይዘው ሰንሰለት ባለው መንጠቆው ነው፤ ሩቅ ይደርሳል፣ ከሳተ ግን ሰንሰለቱ እስኪመለስ ድረስ ተጋልጦ ይቆማል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በወጣው ጌሙ ደግሞ ዋናው ዕቃው ኦካሪና የምትባል ትንሽ የምትነፋ የሙዚቃ መሣሪያ ነበረች። ወደ ድብድቡ ሲገባ እሷ ምት አልሆነችም።

እኔም ስለ ዋሽንታችን የተማርኩት እዚህ ጋ ነው። ልጁ ዋሽንቱን ሲነፋ ከብቶቹ ግር ብለው መጥተው ተጋጣሚውን እንዲረጋግጡት እፈልግ ነበር። በጣም ነው የወደድኩት። ሥዕሉን ራሱ ሠርቼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ አንዷ ጓደኛችን “ልጁ እኮ ከብቶቹ ጠፍተውበት ነው የሚዞረው፤ ከየት ይመጣሉ?” አለች። አወጣነው። አሁን ዋሽንቱን የሚነፋው ሲያሸንፍ ብቻ ነው፤ ነፍቶ ሲጨርስ ወደ ተራራው ያያል።

አሁን ወደ ፍሬም እንምጣ። ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ ተከታትለው እንቅስቃሴ ከሚፈጥሩት ምስሎች አንዱ ነው። አብዛኛው የድብድብ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ይሄዳል። እያንዳንዱ ምት ሦስት ክፍል አለው፤ መነሻው፣ የሚመታበት ቅጽበትና መመለሻው። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ አካባቢ፣ ማለትም ወደ 15 ፍሬም ይፈጅበታል። ስለዚህ መነሻው 5 ፍሬም የሆነ ምት አይታይም፤ መገመት ብቻ ነው። 22 ፍሬም የሆነውን ግን ነቃ ያለ ሰው አይቶ ይከላከላል። የካራክተሩ ጠባይ የሚወጣው ከእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ለጅራፉ ቁጥር ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ከብሎካችን ጀርባ ግንባታ ያልደረሰበት ማሳ አለ። በቡሄ ሰሞን አንድ እረኛ ልጅ እዚያ ጅራፍ ሲያጮህ አየሁት። አስፈቅጄ በስልኬ ቀረጽኩትና ቤት ገብቼ ፍሬም በፍሬም ቆጠርኩ። እጁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጅራፉ ከራሱ በላይ ይዞራል። ከዚያ ክንዱ በድንገት ቀጥ ይላል። ክንዱ ሲቆም ገመዱ አይቆምም፤ ጉልበቱ እየቀጠነ ወደሚሄደው ጫፍ ይሸሻል፤ ጫፉ ጋ ሲደርስ ጧ! የሚጮኸው ምንም ነገር መትቶ አይደለም። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው።

ከመነሻው እስከ ጩኸቱ ከ40 ፍሬም በላይ ሆነብኝ። ለጌም ይህ ይረዝማል፤ ወደ 22 አወረድነው። ሌላውን ግን ከማሳው እንዳለ ወሰድነው። ጫፉ ያገኘው ሰው ይወድቃል፤ ገመዱ መሃል ላይ የቆመ እምብዛም አይጎዳም፤ እጁ ሥር የገባን ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ገመዱ እስኪሰበሰብም ልጁ ባዶውን ነው።

ስለዚህ እጁ ሥር የገባውን ሰው የሚገፋበት ዱላ ያስፈልገዋል። ዱላው ፈጣን ነው፣ 5 ፍሬም፤ ጉዳቱ ግን ትንሽ ነው። ጋቢውን ግራ ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ይከላከልበታል። ወንጭፉንም አስተካከልነው። አሁን መጀመሪያ ማሽከርከር አለበት፤ ሲያሽከረክር መራመድ እንጂ መዝለል አይችልም። ድንጋዩም 3 ብቻ ነው። ሲያልቅበት የወረወረውን ሄዶ ከመሬት ማንሳት አለበት። ጥግ ይዞ የሚወረውር ሰው ድንጋዮቹን የሚያገኘው ከተጋጣሚው እግር ሥር ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልውረድ። ኮምቦን፣ ማለትም ተጋጣሚው ሳያመልጥ ተከታትሎ የሚያርፍበትን ምት፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ‹ስትሪት ፋይተር 2› ሲሠራ ኮምቦ አልታቀደም ነበር። መኪና የሚሰባበርበትን ተጨማሪ ዙር ሲሞክሩ ነው አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ሊከተለው እንደሚችል ያስተዋሉት። እንዲቀር ተዉት፤ ዛሬ ያለ ኮምቦ የድብድብ ጌም ማሰብ ይከብዳል።

እኛም ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገጠመን። ዱላው ሲገፋው ተጋጣሚው የሚያርፈው በትክክል የጅራፉ ጫፍ በሚደርስበት ቦታ ነው። አስበን አላደረግነውም። ግን ማንም እረኛ የሚያደርገው ይመስላል፤ ገፋ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ታጮሃለህ። ችግሩ ጅራፉ 22 ፍሬም ላይ ሲሆን ተጋጣሚው ለጥቂት ያመልጣል። 20 ስናደርገው አያመልጥም። እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለናል።

ላፕቶፑ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለት ጆይስቲክ አለ። የግራው 20 ነው፣ የቀኙ 22። ሁለቱንም ሞክሩና የቱ እንደሚሻል ንገሩኝ። መሃል ላይ ጆይስቲኩን አስቀምጦ መሄድ የፈለገ ካለ ደግሞ እባካችሁ መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ፤ የት ላይ እንደሰለቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።