«እያነበብኩ ነው» ሲል ልመነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ወጣቶች በስልክ ስለሚያነቡት ነው። የሚመልሱት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆኑት እንግዳችን ናቸው።

አድማጭ ከደሴ፦ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ስልኩ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ስቆጣው «እያነበብኩ ነው» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ ይመኑት፤ ግን ምን እንደሚያነብ ይጠይቁት። ልቦለድ ከሆነ ብዙ አይጨነቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ትረካ ብቻ በሆነ ጽሑፍ ላይ በወረቀትና በስክሪን አንባቢዎች መካከል ጉልህ የመረዳት ልዩነት አላገኘም። በትምህርታዊ ጽሑፍ ግን ወረቀት በልጧል፤ በተለይ አንባቢው ሰዓት ሲያጥረው። ስለዚህ ለፈተና የሚያጠናውን በወረቀት አሳትሞ ይያዝ። የማሳተሚያውን ገንዘብ ቢሰጡት ከቁጣው ይልቅ ይጠቅመዋል።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ ከቴሌግራም ሁለት መቶ የሚሆኑ መጻሕፍት በፒዲኤፍ አውርጃለሁ፤ ሦስቱን እንኳ አልጨረስኩም። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆንሽም። እኔም ገዝቼ ያልገለጥኳቸው መጻሕፍት መደርደሪያዬን ሞልተውታል። ያንቺን የሚያከብደው ሌላ ነው። በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት የአማርኛ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሡ መጻሕፍት ናቸው። ፊደሉን ላትልቅ ስትዪ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ጣትሽ ገጹን ግራና ቀኝ ሲጎትት ይውላል። ቃል መፈለግም አይቻልም። እንዲህ እያነበበ በሠላሳኛው ገጽ ላይ በሚሰለች ሰው ማን ይፈርዳል? ኢፐብ የሚባለው የፋይል ዓይነት ጽሑፉን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ያስማማል። እሱን ካጣሽ ስልኩን አግድም አዙሪው። ደግሞም ፋይሉን ከቴሌግራም አውጥተሽ በሌላ ማንበቢያ ክፈቺው፤ መጽሐፍና የጓደኛ መልእክት በአንድ ቤት ሲያድሩ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው መልእክቱ ነው። ከሁለት መቶው አንዱን ምረጪና ሌሎቹን ለጊዜው እርሺያቸው።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ደራሲው ካረፈ ቆይቷል። መጽሐፉን በፒዲኤፍ ለጓደኞቼ ባካፍል ምን ችግር አለው?

መልስ፦ መቼ ነው ያረፈው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። እስከዚያ መብቱ የወራሾቹ ነው፤ ያለ እነርሱ ፈቃድ ማባዛትና ማሰራጨት አይቻልም። ገበያ ላይ ካለ ጓደኞችህ ይግዙት፤ ወይም ያንተኑ ቅጂ በተራ ይዋሱ። ከገበያ ከጠፋ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሄደህ ጠይቅ፤ በአገር ውስጥ ከሚታተም መጽሐፍ ቅጂ ለዚያ እንዲገባ ሕግ ያዝዛል። መታወቂያህን አትርሳ።