ጉልላቱ ይቆየን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ አዲስ አበባ የምትኖሩ የመንዝ ልጆች፤ እንደምን አላችሁ? አገሩን ስለምታውቁት ብዙ አላስረዳም። ደጋው ተስፋው በልግ ነው። አምና በልጉ ቀረ። የክረምቱን ገብስ ደግሞ እሸት ሳለ ውርጭ መታው።

ኅዳር ላይ አንድ የደብራችን ምእመን ደጄ መጣ። የአራት ልጆች አባት ነው። «አባ፣ ዘሩን ብንበላው ኃጢአት ይሆንብናል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ተያይዘን ቤቱ ሄድን። አንዱን በሬ ሸጦታል፤ ጥማዱ ፈርሷል። ባለቤቱ ስልቻውን ከምሰሶው ላይ አውርዳ ፈታችው። የዘር ገብሱ ነው። በጣሳ ቀንሳ ቆላችና አቀረበችልኝ። እንግዳ ነኛ! ልጆቹ ከመደቡ ሥር ሆነው እጄን ያያሉ። ያ ቆሎ እንዴት ይዋጥልኝ?

አሁን አትቀየሙኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ስንለምናችሁ ገንዘቡ በአንድ ከሰዓት ሞላ። ስም ተጠራ፣ እልልታው ቀለጠ። ለእህል ስንለምን ግን «መንግሥት የት ሄዶ ነው?» ተባልን። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 «ተርቤ አብልታችሁኛልና» ነው ያለው። ጣሪያዬን ቀይራችሁልኛል አላለም! ምእመኑ ቤቱን ዘግቶ ሸዋሮቢት ለቀን ሥራ ከወረደ፣ እኔ ከጉልላቱ ሥር ቆሜ ለማን ልቀድስ?

1977ን ያያችሁ እዚህ አላችሁ። ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራውም የሚጠምደውም ያጣ ቤት ስንት ነበር! ዘንድሮ እዚያ ሳንደርስ እንድረስላቸው።

የምንለምነው የዘር ገብስ ነው። ለየካቲት መድረስ አለበት። እዚያው ደጋው ላይ ካለው ሰው እንግዛ፤ የቆላ ዘር ውርጫችንን አይችልም። በሬ ለሸጠውም ዕድሩ በወንፈል ያርስለታል፤ ተነጋግረናል። የችግረኞቹን ዝርዝር ሰበካ ጉባኤው ይዞታል። ስማቸው በአደባባይ አይነበብም፣ ፎቶም አይነሱም። የእኛ ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚታይ በሩን ዘግቶ ቢራብ ይመርጣል፤ ታውቁታላችሁ።

ልብስና ዘይት ያለውም ያምጣ።

ቃል ብቻ ገብታችሁ እንዳትሄዱ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው። ኩንታሉ ዛሬ ይጻፍ፣ መኪናው ጥር ሳይወጣ ይነሳ። እግዚአብሔር ይስጥልን።