የእትዬ ቀሚስ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ።

ዛሬ የአጎቴን የሱቅ ታሪክ ልጨርስላችሁ ነበር። ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አልሆነልኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከርሟል። እማዬ ተኝታለች፤ ለዚህ ነው ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት። ማቀዝቀዣው እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ ቻሉት።

ያ ሳጥን ትዝ ይላችኋል አይደል? የእማዬ ታላቅ እህት፣ የእትዬ አስተማሪ የነበሩት ሰውዬ የላኩልን። በ1962 እ.ኤ.አ. የሰላም ጓድ የሚባለው የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ እነ ሃሪስ ዎፎርድ ይመሩት በነበረበት ጊዜ፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተበተኑት ወጣት አስተማሪዎች አንዱ ናቸው። እሳቸው ደሴ ደረሳቸው። አሁን አርጅተዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ስላይዶች፣ በካርቶን ክፈፍ የታሰሩትን ትንንሽ ባለቀለም የፊልም ምስሎች፣ ስድሳ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ በጨለማ አስቀምጠዋቸው ነበር፣ ደግ አደረጉ። ከመቶ ሰላሳው ውስጥ አንዷ የእትዬ ናት። እትዬና እማዬ ጎን ለጎን ቆመው። የካርቶን ክፈፉ ላይ በእርሳስ «ደሴ፣ ጥምቀት፣ ሁለት እህትማማቾች» ተብሎ ተጽፏል። ማህተሙ ፌብሩዋሪ 64 ይላል፣ የታጠበበት ወር ነው። ስለዚህ ጥምቀቱ የ1956ቱ ነው፣ በእኛ። እትዬ አሥራ ስድስት፣ እማዬ ዘጠኝ። የእትዬ ሌላ ፎቶ የለንም። አንድም። ይህን ስለምታውቁ አልደግመውም።

እና በደንብ ልሠራት ፈለግኩ። እንደ ነገሩ አይደለም፣ በትክክል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ እዚህ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሞኒተሩን አስተካከልኩ። ያቺን ስክሪን ላይ የምትለጠፍ መለኪያ ለጥፌ፣ ነጩንም ብርሃኑንም ልክ አድርጌ። መጋረጃ ዘጋሁ። ቢጫውን አምፖል አወጣሁ። ስካነሩን ግማሽ ሰዓት አሙቄ፣ በራሱ ቀለም የሚያስተካክለውን ነገር ሁሉ አጠፋሁ፤ እሱ ካልጠፋ የቀረው ልፋት ዋጋ የለውም። ከዛ አይቲ8 የሚባለውን የቀለም ሰሌዳ አስገባሁ። ስላይድ ነው እሱም፣ የደረቴ ኪስ ውስጥ የሚገባ። 264 ትንንሽ የቀለም ካሬዎች፣ ከሥር ደግሞ ከነጭ እስከ ጥቁር 24 የግራጫ ደረጃ። ድምሩ 288። እያንዳንዱ ካሬ በፋብሪካ ተለክቶ ቁጥሩ በፋይል አብሮት ይመጣል። ስካነሩ ያየውንና እውነተኛውን ቁጥር ፕሮግራሙ ያነጻጽርና ማረሚያ ይሠራል፣ ፕሮፋይል የሚባለውን። አማካይ ስህተቱ ከ1 በታች ወጣልኝ። 1 ማለት የሰው ዓይን ለመለየት የሚቸገርበት ልዩነት ነው ይባላል። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ስካን አደረግኩ። በከፍተኛ ጥራት፣ አንዷ ምስል ከ120 ሜጋባይት በላይ። የአቧራ ማጥፊያውንም ከፈትኩት። እሱም ሌላ ስህተት ነው፣ እመለስበታለሁ።

እና እማዬን ጠራኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቡናዋን ይዛ መጣች፣ ሁለተኛውን፣ ቶናውን። መነጽሯን አደረገች። ምስሉን በትልቁ ከፈትኩላት። ዝም አለች። እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋችና ሳትነካው መለሰችው። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ነው የጠበቅኩት። አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ አየች፣ ራቅ ብላ አየች። ከዛ ምን አለች መሰላችሁ?

«ምነው ጠቆረችብኝ? እትዬ እኮ የቀይ ዳማ ናት። የታመመች መሰለች።»

እዚህ ላይ መስማት ነበረብኝ። እዚህ ላይ። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። «ጥላ ውስጥ ስለቆማችሁ ነው እማዬ» አልኳት። ውሸትም አይደለም። የቀን ብርሃን ፊልም ጥላ ውስጥ ሲነሳ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ብርሃኑ ከፀሐይ ሳይሆን ከሰማዩ ስለሚመጣ። ነጠላቸውም ሰማያዊ ነካ ነካ አድርጎት ነበር፣ አይቼዋለሁ። ለራሴም «ጥላው ነው» ብዬ አስረድቼ አልፌው ነበር።

«ቀሚሷ ደግሞ አረንጓዴ ነበር» አለች። «ሰማያዊ አይደለም። ልክ እንደ ለምለም ቄጠማ። አባባ ነው ለጥምቀት የገዛላት። ለእኔ አልተገዛልኝም፤ አልቅሼ ነበር። ምን የመሰለ አረንጓዴ!»

እኔም «እማዬ፣ ካሊብሬት አድርጌዋለሁ እኮ» አልኳት፣ በመለኪያ አስተካክዬዋለሁ ለማለት።

ይህን ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሰማሁት ነው። ሳህን ሳጥብ እሰማዋለሁ። በዛ አላበቃሁም። ሰሌዳውን አወጣሁና አሳየኋት። 288ቱን። ቁጥሮቹን። «ተመልከቺ፣ ማሽኑ እዚህ ያለውን ነው የሚያሳየው፣ አይጨምርም አይቀንስም። ስድሳ ዓመት እኮ ነው፣ ሰው ይረሳል» አልኳት። በፍቅር ነው ያልኩት፣ ልክ ትንሽ ልጅ እንደሚያስረዱ በቀስታ። ይህ ይባስ ያሳፍረኛል።

እሷ ሰሌዳውን ትንሽ አየችው። ከዛ ቀሚሱን። ከዛ እኔን።

«እንግዲህ ረስቼው ይሆናል» አለች። «ልጅ ነበርኩ።»

ሲኒውን እዚያው ትታ ወጣች። ቡናው እንደሞላ ነበር። እማዬ ቡና አትተውም፤ ታውቋታላችሁ።

[ዝም ይላል]

እሺ። አሁን ስህተቱን ልንገራችሁ።

ስላይዶቹ ኮዳክሮም የሚባለው የኮዳክ ፊልም ናቸው። ክፈፉ ላይ ተጽፏል። ባይጻፍም ስላይዱን ብርሃን ላይ ጋደል ስታደርጉት ምስሉ ፊቱ ላይ እንደተቀረጸ ሆኖ ይታያል፣ የኮዳክሮም ምልክቱ ነው። አውቅ ነበር። የእኔ ሰሌዳ ግን የተሠራው ኤክታክሮም በሚባለው ሌላ ዓይነት ፊልም ላይ ነው። «ስላይድ ስላይድ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አይደለም። ኤክታክሮምና መሰሎቹ ቀለማቸውን የሚሠራው ቅመም ፊልሙ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ኮዳክሮም ግን ባዶ ነው። በሦስት ንብርብር የተነባበረ ጥቁርና ነጭ ፊልም በሉት፤ ቀለሙ የሚገባው ሲታጠብ ነው። ለዚህ ነው ማንም ቤቱ ሊያጥበው የማይችለው፤ አስተማሪውም ከደሴ በፖስታ ወደ ውጭ ይልኩት የነበረው ለዚሁ ነው። ኮዳክ በ2009 እ.ኤ.አ. ማምረት አቆመ፣ የመጨረሻው አጣቢ ደግሞ ካንሳስ ውስጥ ፓርሰንስ የምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ድዌይንስ ፎቶ ነበር፣ እሱም በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ማጠቡን አቆመ። እና የሁለቱ ፊልሞች ቀለም ለዓይናችን አንድ ቢመስልም ለስካነሩ አንድ አይደለም። የስካነሩ ዓይን የእኛ ዓይን አይደለም።

እንደ አስተርጓሚ ነው። ትግርኛ የተማረን አስተርጓሚ ጉራጊኛ ተርጉም ብትሉት፣ አንዳንዱ ቃል ስለሚመሳሰልለት በድፍረት ይቀጥላል። አላውቅም አይልም። የእኔም ፕሮፋይል አላውቅም አላለም። በሌላ ፊልም ሰሌዳ የተሠራ ፕሮፋይል ኮዳክሮምን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። የታወቀ ነገር ነው። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። ያ ከ1 በታች ብዬ የተኩራራሁበት ቁጥር እውነት ነበር፣ ግን ለሰሌዳው እንጂ ለእትዬ አልነበረም።

   

የአቧራ ማጥፊያው ያልኳችሁ ደግሞ፣ በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ነው የሚሠራው። ኢንፍራሬድ የተለመደውን የፊልም ቀለም አልፎ ይሄዳል፣ አቧራ ላይ ግን ይቆማል፤ የቆመበትን እየለየ ይሸፍናል። የኮዳክሮም ቀለም ግን ኢንፍራሬዱንም በከፊል ይይዘዋል። ስለዚህ ጠቆር ያለ ትንሽ ነገር ሁሉ አቧራ ይመስለዋል። የእትዬን የአንገት ንቅሳት በልቶታል። ሦስት ረድፍ ነው፣ ቀጭን፣ ከነጠላው ጠርዝ በላይ። የመጀመሪያው ስካን ላይ አንገቷ ልሙጥ ነው፣ እንደ አሻንጉሊት። እማዬ ያን አላነሳችውም። አይታው ይሆን? አይታ «ይህንንም ረስቼ ይሆናል» ብላ ይሆን? እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደግሞ ፊቷ። እኔ አበሻ ነኝ፣ ጠይምን ከየቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይን ከቀይ የምለይ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ሁሉ ቃል ያለን ሕዝቦች ነን። ድሮ ፎቶ የሚያትሙ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ሸርሊ በምትባል ነጭ ሴት ፎቶ እያነጻጸሩ ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይሉታል። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው ተሳካ ይባላል። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌ እናደዳለሁ። ከዛ እኔ ራሴ፣ እህቷን በዓይኗ የምታውቅ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብላ «መልኳ ይህ አይደለም» ስትለኝ፣ ሰሌዳ አወጣሁ። ከየትኛውም ካሬ የበለጠ መለኪያ እሷ ነበረች… እንጃ። እንዲህ ስለው ቀላል ይመስላል።

ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም አሁን የሆነውን ስሙ።

ባልቲሞር ያለ አንድ ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ የኮዳክሮም ሰሌዳ አለው። እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው፤ ፊልሙ ከቀረ ወዲህ እንደልብ አይገኝም። አበደረኝ። ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። አቧራ ማጥፊያውን ዘግቼ፣ አቧራውን በእጄ ነጥብ በነጥብ እያነሳሁ፣ ለአንዷ ምስል ብቻ አራት ሰዓት። ፊቷ ተመለሰ። እውነቴን ነው፣ ደሙ ተመለሰ። የቀይ ዳማ። ንቅሳቱ ወጣ። ነጠላው ነጣ፣ ጥለቱ ለየ።

ቀሚሱስ?

ቀሚሱ ሰማያዊ አይደለም። ቄጠማም አይደለም። ለጋ የባሕር ዛፍ ቅጠል አውቃችሁ የለ? ያ አመድ የነካው፣ አረንጓዴ ልበለው ሰማያዊ የምትሉት። እሱን ነው የሚመስለው።

አሁን ይህን ምን ላድርገው? ጥላው እኮ እውነት ነው። ጥላ ውስጥ ነው የቆሙት፣ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የጥላው መስመር ይታያል። ፊልሙ ያንን የሰማይ ብርሃን ቀድቶታል። የሰው ዓይን ግን ጥላ ውስጥ ሲገባ ራሱን ያስተካክላል፤ ቄጠማ ጥላ ውስጥም ቄጠማ ነው። ስለዚህ እማዬ ያየችው ቄጠማ ሊሆን ይችላል፣ ፊልሙም ያየው ባሕር ዛፍ፣ ሁለቱም ሳይዋሹ። የፎቶውን ቀለም ትንሽ ሞቅ፣ ወደ ቢጫ ጠጋ ባደርገው ወደ ቄጠማው ይሄድላታል። ሞክሬዋለሁ። ያምራል። ግን ያኔ እኔ ነኝ የምቀባው። እሷን ለማስደሰት እየቀባሁ እንደሆነ ወይም እውነቱን እያወጣሁ እንደሆነ መለየት አቃተኝ፣ እጄ መዳፊቱ ላይ እንዳለ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

እና አልነገርኳትም። እስካሁን።

ልነግራት ነበር። ሐሙስ ማታ ልነግራት ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበረች፣ አዲስ አበባ ካለችው ዘመዳችን ጋር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስለ ፎቶው እያወራች ነው። እየሳቀች። «አረንጓዴ ነው እያልኩ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳወራ! ለካስ ሰማያዊ ነው የነበረው። ልጄ በማሽን አየው።»

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ።

ሰማያዊ ብላ ስታወራ ቅር ያላት አትመስልም ነበር። ያንን ነው ያልቻልኩት። የለቅሶውን ታሪክም እንደገና አወራችው፣ አባባ፣ ጥምቀት፣ ለእኔ አልተገዛልኝም፤ ሁሉም እንዳለ ነው፣ ቀሚሱ ብቻ ተቀይሯል። ሰማያዊ ቀሚስ ገባበት። የእኔ ስህተት የእሷ ትዝታ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ እንደ ቤተኛ።

አሁን ሄጄ «ቄጠማ ነበር፣ ልክ ነሽ» ብላት፣ ታምነኛለች? ወይስ ሊያጽናናኝ ነው ትላለች? «አይ፣ ባሕር ዛፍ ነው» ብላትስ? ለሦስተኛ ጊዜ ልቀይርባት ነው?

ስላይዱ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ያለ ማሽን፣ ያለ ምንም፣ መስኮቱ ላይ ይዤ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ውጭው ደመና ነበር፣ ብርሃኑ ነጭ። ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ቀሚሷ… ለመጀመሪያው ቅጽበት አረንጓዴ ነበር። ጥርት ያለ አረንጓዴ። ከዛ ትክ ብዬ ሳየው እንደገና…

ቆይ። ተነሳች መሰለኝ። መብራቱን አብርታለች።

አጉሊ መነጽሩን የት ነው ያስቀመጥኩት… እማዬ? አለሁ፣ አልተኛሁም። ነይ እስቲ ግቢ፣ አንድ ነገር…