ማሽኑን በምን እንሸልመው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝና ከአንኮበር የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?

የምሠራበት የምርምር ዘርፍ ሪኢንፎርስመንት ለርኒንግ ይባላል። ማሽኑ ራሱ እየሞከረ ይማራል። ሲሳካለት ነጥብ ያገኛል፣ ሳይሳካለት ያጣል። ትክክለኛውን መልስ የሚነግረው የለም። መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጣሉት አንድሩ ባርቶና ተማሪው የነበረው ሪቻርድ ሰተን ናቸው። በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሆነው የቱሪንግ ሽልማት የደረሳቸው ግን የእ.ኤ.አ. 2024ቱ ነው። ምርምር የምትመርጡ ልጆች፣ ይህን የዓመት ርቀት ልብ በሉት።

እኔን መጀመሪያ የሳበኝ ሒሳቡ ነበር። ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነጥቡን ማን ይሰጣል? በምንስ ለክቶ?

እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት አንድ ፕሮግራም የጀልባ ውድድር ጌም እንዲጫወት አደረገ። የተፈለገው ውድድሩን እንዲጨርስ ነው። ጌሙ ነጥብ የሚሰጠው ግን በመንገድ ላይ ያሉ ዒላማዎች ሲመቱ ነው። ፕሮግራሙ ተመልሰው የሚመጡ ዒላማዎች ያሉበት ጥግ አገኘ። እዚያው ይሽከረከር ጀመር። ከሌሎች ጀልባዎች እየተላተመ፣ እሳት እየተያያዘበት፣ ነጥብ ለቀመ። ውድድሩን ሳይጨርስ ከሰው ተጫዋቾች በአማካይ 20 በመቶ ያህል በለጠ። መውቀስ አይቻልም። የተሸለመበትን ነው የሠራው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ሰው ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ሰዎች ሁለት አጫጭር ቪዲዮ እያዩ የተሻለውን መረጡ። በ900 ያህል ምርጫ ብቻ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ የሰው ጊዜ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሮቦት ወደ ኋላ መገልበጥ ቻለ። ዛሬ የምታወሯቸው ቻትቦቶችም የተገሩት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕንኤአይ ይህን ሲሠራ የማሽኑን መልሶች ያወዳደሩት መራጮች 40 ያህል ነበሩ። በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ማሽኑ ከተማረበት መረጃም ከ96 በመቶ በላዩ እንግሊዝኛ ነበር።

የእኛ ሰውስ? አንድ የባሶና ወራና ገበሬ ገብሱን ውርጭ እንደመታበት ነግሮ ምክር ጠየቀ እንበል። ማሽኑ ሁለት መልስ አቀረበ። አንዱ ረጅም ነው፣ ትሕትና የሞላበት፣ ተራ በተራ የተደረደረ። ሌላው አጭር ነው፤ «ማሳህ ረባዳ ላይ ነው ወይስ ተዳፋት ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ውርጭ የሚበረታው ረባዳው ላይ ነው። ደጋ አርሶ የማያውቅ መራጭ ረጅሙን ቢመርጥ አይገርምም። ገበሬው ግን ለየትኛው ነጥብ እንደሚሰጥ አያጠራጥርም። እሱ ካልተጠየቀ ማሽኑ አሳምሮ መናገርን ይማራል፣ ጥቅሙ ግን ለገበሬው አይደርስም። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ። ትልቅ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ወደየወረዳችሁ ሂዱ። ገበሬውን፣ አዋላጅ ነርሷን፣ ነጋዴውን ምን መጠየቅ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ሁለት መልስ አንብቡላቸው፣ ይምረጡ። ምክንያታቸውንም በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ ለእኔ ከምርጫው የሚበልጠው ምክንያቱ ነው። የሚስማሙበትንም የማይስማሙበትንም መዝግቡ። የመንዝ እረኛና የደብረ ብርሃን ነጋዴ አንድ ዓይነት መልስ ይፈልጋሉ ብላችሁ አትነሱ።

መጀመር የምትፈልጉ ከዚህ ስንወጣ አነጋግሩኝ፤ የመጀመሪያውን መጠይቅ አብረን እናዘጋጃለን። አመሰግናለሁ።