ሁለት ሳይት፣ አንድ ሊብረኦፊስ

እንደምን አደራችሁ፣ የሙያ ባልደረቦቼ!

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለኛ ሰርቨር ለምናስተዳድረው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለመምህርና ለተማሪ ግን ትንሽ አይደለም። ተማሪው አሳይመንቱን በወርድ ጽፎ ሙድል በተባለው የኢንተርኔት መማሪያ ሳይት ላይ ይጭናል። መምህሩ እዚያው ገጹ ላይ እንዲያርመው ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር አለበት። ይህን ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ሊብረኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ነው።

ሰርቨሩ ላይ አንድ ሙድል ብቻ እያለ ሁሉም ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው የሙድል ሳይት ሲጨመር ነው። አንዱ ፋይል ይቀየራል፣ ሌላው ይቀራል። መምህሩ ይጠብቃል፣ ተማሪው ውጤት የለውም።

እኛ በእጃችን ስንሞክረው ደግሞ ይሠራል! ምክንያቱም የምንሞክረው አንዱን ሳይት ለብቻው ነው። በሥራ ላይ ግን የሁለቱም ክሮን፣ ማለትም ሥራዎችን በሰዓታቸው በራሱ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በየደቂቃው እኩል ይነሳል። ሁለቱም ሊብረኦፊስን በአንድ ዩዘር፣ ማለትም በአንድ የሰርቨር አካውንት ይጠራሉ፤ ለዚያ ዩዘር ያለው የፕሮፋይል ፎልደር፣ ማለትም ሊብረኦፊስ ቅንብሩን የሚያስቀምጥበት፣ ደግሞ አንድ ነው። ቀድሞ የደረሰው ይቆልፈዋል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ስህተት እንኳ ሳያሳይ፣ ፋይሉንም ሳይቀይር ይወጣል።

ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም። መጀመሪያ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮሰሶች እዩ። ከሰዓታት በፊት ተነስቶ እስካሁን ያላለቀ ሊብረኦፊስ ካለ፣ መንገዱን የዘጋው እሱ ሊሆን ይችላል። በየትኛው ዩዘር እንደተነሳም ተመልከቱ።

እኔ የምመርጠው መፍትሔ ለየሳይቱ የራሱን ዩዘር መስጠት ነው። ሙድልን የሚያስኬደው ፒኤችፒም ክሮኑም በዚያው ዩዘር ይሂዱ። ያኔ ፕሮፋይሉ በራሱ ይለያል። ይህ ካልተመቻችሁ፣ ሊብረኦፊስ ሲነሳ ለየሳይቱ የተለየ የፕሮፋይል ፎልደር አሳዩት፤ ፎልደሩም ለመጻፍ የተፈቀደ ይሁን።

ሊብረኦፊስን ለፋይል ቅየራ የሚጠራውን ዩኖኮንቭ የተባለ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ግን እዚህ ላይ አትቁሙ። ካልቀየራችሁት በስተቀር ሁለቱም ሳይቶች ከሊብረኦፊስ ጋር በፖርት 2002፣ ማለትም በአንድ የመገናኛ በር ቁጥር ነው የሚገናኙት። ዩዘር ለይታችሁ ፖርቱን ከረሳችሁ፣ የአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሊብረኦፊስ ይሄዳል። እሱ ደግሞ ፋይሉን የማንበብ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ለሁለተኛው ሌላ ፖርት ስጡት።

ፒዲኤፉ ወጥቶ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ከሆነባችሁ፣ ያ የፎንት ጉዳይ ነው። ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ሰርቨሩ ላይ ጫኑ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው አለቀ ከማለታችሁ በፊት በሁለቱም ሳይቶች ላይ ፋይል ጭናችሁ በአንድ ጊዜ እንዲቀየሩ አድርጉ። ሁለቱም ፒዲኤፍ ተከፍተው እስኪታዩ ድረስ ለመምህራኑ ተስተካክሏል አትበሉ።

አመሰግናለሁ።